ቀለበት የለሽ

ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ከፒያሳው ቁልቁለት፣
ቀይ ቀለም ይዤ ቆምሁ፣ ብሩሽና ወረቀት።
ቅጹ አጭር ነው፤ ያለው ስድስት ጥያቄ ብቻ፦
የዛፉ ዓይነት? ዘንባባ። ቦታው? የመንገድ ዳርቻ።
ቁመቱ? በዓይን ገመትሁ፤ ሦስት ፎቅ ያህላል፣
ዋኔ አናቱን ይዛለች፣ ደረቅ ቅጠል ከአንገቱ ተንጠልጥሏል።
ጥቅሙ? «ለውበት» አልሁ፣ ሌላ ቃል ስላጣሁ።
አምስተኛው መስመር ላይ፣ «ዕድሜ» ሲል፣ ቆሜ ቀረሁ።

ጥድ ቢሆን በቀለለ፤ ዝግባ ቢሆን፣ ዋንዛ፣
ሲቆረጥ ይቆጠራል ክቡ፣ አነሰም በዛ፤
ክረምትና በጋውን በልቡ ከትቦ፣
ድርቁን በቀጭን መስመር፣ ጥጋቡን በሰፊ ከብቦ።
ይሄ ረጅም ግን ሆዱ ክር ነው፣ ጭረት ለጭረት፣
ዓመት ገብቶ ዓመት ሲወጣ ምንም የማይጻፍበት።
ቀለበት የለውም።

እሱ! ቀለበት የሌለው!
ጋሽ ሽባባው ዘበኛው፣ ዓመቱን ሙሉ በሽመል ሲያባርረን፣
የሆሳዕና ዋዜማ «መሰላሉን ያዙልኝ» ይለን።
እያቃሰተ ይወጣል፤ እሾኹ እጁን ይበላዋል፤
«ልቡን አትንኩ! ነፍሱ አናቱ ላይ ነው፤ እሱ ከተነካ ያበቃል።
ባሕር ዛፍ መሰላችሁ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ?
አንድ ራስ ነው የተሰጠው፣ የማይለወጥ።»
እኛ ከታች ተሻምተን፣ ሰንጥቀን፣ አጥፈን፣ ገምደን፣
ለግንባር መስቀል፣ ለጣት ቀለበት አበጅተን፣
ከተማው በማግስቱ ባለ ቀለበት ሆኖ ያድራል፤
ሊስትሮው ከዳኛው እኩል ተሞሽሮ ይሄዳል።

አንዱን ለደብሪቱ አሰርሁላት።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።
እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ከጣቷ አልወለቀ፤
ደርቆ ተሰበረ ኋላ፣
ግን ፀሐይ ያላየው ቀጭን ክብ እዚያው ታየ፣
አንድ ሳምንት ቆየ።
ምናልባት ዓመቱን የሚጽፈው እዚያ ይሆን?
እንዲህ ብዬ ቅጽ ላይ ማስፈር ግን... ይቅር ይሆን።

ጫማ ጠጋኙን ጠየቅሁት። «እኔ ስመጣ ነበረ።»
መቼ መጣህ? «ይሄ ጉልበቴን ሲያክል» አለና ክሩን አከረረ።
አዱኛ ባለ መጠጥ ቤቱ፦ «አባቴ ነው ያመጣው፣
ከአስመራ፣ በዘይት ቆርቆሮ፣ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አቅፎ የተከለው።»
ጡረተኛው መምህር፦ «የጣሊያን ነው።» ሚስቱ፦ «ኧረ ምን ጣሊያን!
በተማሪ ዘመቻ ጊዜ ውሃ ያመላለስን እኛ እያለን!»
ሁሉም የራሱን ዕድሜ አውልቆ ለዛፉ አለበሰ፤
ብዕሬ ወደ መስመሩ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ተመለሰ።
ስድስተኛውን ቢሮው ሞልቶታል፤ «ይነሳ» ይላል፣ ማኅተም አለው።
ታዲያ አምስተኛው ለምን? የሟች ዕድሜ ለማነው?

እማማ ጥሩዬ ትዝ አሉኝ፣ ከማዶው ግቢ የነበሩት።
በርበሬ አስጥተው ሳለ፣ ነፋስ ቅጠሉን ሲነካ በሰሙት፣
«ዝናብ!» ብለው ይሮጣሉ በጠራራ በጋ፤
ሰፌዱን ታቅፈው ገብተው፣ «ይሄ ውሸታም፣ ይሄ አልቦ ዋጋ!»
ሠላሳ ዓመት ዋሻቸው፤
ሠላሳ ዓመት አመኑት።
የቀብራቸው ለት እንኳ ከየት መጣ ሳይባል ነፍሶ፣
ለቀስተኛው ጥላ ዘረጋ፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ለቅሶውን ረስቶ።

ስልኬ ጠራ፤ አለቃዬ ነው። «ጨረስህ?» «ጥቂት ቀረኝ።»
ቀለሙ ቆርቆሮው ውስጥ ቆዳ አውጥቷል፤ ብሩሹ ደረቀብኝ።
ጥር ነው። ሰማዩ እንደታጠበ ሰሃን ጥርት ብሏል።
ድንገት ከላዬ ተንሿሸ፣ ሿ... ሿ... ይላል።
እኔም ሁሉን የማውቀው፣
ወረቀቱን ኮቴ ውስጥ ሸጎጥሁት እንዳይበሰብስ፣
ግንዱን ተጠግቼ ቆምሁ፣ እስኪያባራ ድረስ።