ጣት ያህል

ሲያልኮት ከተማ፣ ቆዳ ሰፊ ሰፈር፣
አባቱ ነዛከት በሰም ባሸው ክር
ቀይ ኳስ ሲሰፋ መሽቶ እስኪነጋ፣
ዛርያብ ስፌቱን ዳሰሰ በጣቱ፣ እንደ ፊደል ፍለጋ።

ኳሱ ግን ለገበያ ነው። ለእሱ የደረሰው
የቴኒስ ኳስ ነበር፣ ፕላስተር የለበሰው።
ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ጭሱ በሚወርድበት፣
በሸክላ ስባሪ አሰመረ፤ ነፋስ መስመሩን ገፋበት።
ማን ይቆጥር ነበር ያኔ፣ ማለፍ አለማለፉን?
መቺው ብቻ ይሰማል ፉጨቷን፣ ስትስት ጆሮውን።

አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው ላሆር አስፈረመችው።
በመጀመሪያው ቀን አዲሷ ኳስ ደረሰችው፤
ሃያ ሁለት እርምጃ ሮጠ፣ ክንዱን ወነጨፈ፣
መሀለኛው እንጨት ከሥሩ ተነቅሎ ከነፈ።
ዘለሉ፣ አቀፉት፣
ስሙን ጮኹበት።

ዳኛው ክንዱን ዘረጋ።
ተረከዙ መስመሩን አልፏል፣
ጣት ያህል።
መቺው ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

ማታ አባቱ በስልክ ስለ መስመር አልጠየቀ፤
«ስፌቱስ? ያዘ ወይስ ላላ?»
«ያዘ» አለና ልጁ ሳቀ።

ጎሕ ሲቀድ ሜዳ ወርዶ ሩጫውን ለካ፦
ሃያ ሁለት እርምጃ፣
ከዚያ፣ ወደ ኋላ፣
አንድ ጣት።