ናሙና አርባ አንድ

ሐሚልተን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ከወደቡ ወዲያ የብረት ፋብሪካው እሳት
የደመናውን ሆድ እያቀላ ያድራል፤
እዚህ ምድር ቤት ግን ማሽኔ ይሠራል፣
በነጭ የናይለን ዱቄት ላይ ጨረሩን እየጫረ
ንብር በንብር ሲደርብ፣ ሲደርብ አደረ።

ሲነጋ ከዱቄቱ በብሩሽ ጠርጌ አወጣሁት፤
ጡጫ ያህላል፤ ከአካሉ ይልቅ ቀዳዳ የበዛበት።
የማር እንጀራ ይመስላል፤ ንቧ ሐሳቧን ለውጣ
የየክፍሉን ወገብ ወደ ውስጥ አጉብጣ
የተወችው።

የዓለም ነገር ሁሉ ሲስቡት ይቀጥናል፤
ላስቲክም፣ ሊጥም፣ የወር አበሌም እንኳ ይሳሳል፤
ይሄ ግን
ሲስቡት ይሰፋል፣
ሲጫኑት ይሰበሰባል።
ከናይለኑ አይደለም ምሥጢሩ፤ ናይለን የትም አለ፤
ባዶው ነው ዋናው ነገር፣ ከየት ታጥፎ ወዴት እንደዋለለ።
ምን ትሠሪያለሽ ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦
አራት ዓመቴ ነው፣ ባዶ ሳጥፍ።

ኮቫች መጣ፤ የመፈተሻ ማሽኑ ጠባቂ፣
ሠላሳ ዓመት ብረት ያቀለጠ፣ ትንሽ ተናጋሪ፣ ብዙ ጠያቂ።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገለባበጠው።
«ምን ያደርጋል?» አለ።
የራስ ቁር፣ የዳሌ አጥንት፣ የመኪና ግንባር፣
ለገንዘብ ማመልከቻው የጻፍኩት ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤
«እንጃ» አልኩት።

በደቂቃ ሁለት ሚሊሜትር፣ መንጋጋው ጎተተ።
ሰፋ። አሁንም ሰፋ። ትንፋሼን ዋጥኩ።
ከዚያ፣ ቀጭ።
ስሌቱ «እዚህስ አይነካም» ባለው ጥግ በኩል
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፤ ግራፉ ቁልቁል።
«ናሙና አርባ አንድ፤ ከሸፈ» ብዬ ጽፌ
ወደ ቅርጫት ወርውሬው ወጣሁ፣ እንቅልፌን ታቅፌ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ሻዬ
ሳይደፋ መዋሉ ገረመኝ። ጠረጴዛዬ፣
ያ አንድ እግሩ አጭር፣ ከመጣሁ ጀምሮ የሚያነክሰው፣
ቀጥ ብሎ ቆሟል።
ጎንበስ አልኩ። ከእግሩ ሥር፣ አርባ አንድ፤
ስንጥቁ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣
ተጭኖ፣ ተሰብስቦ፣ ልክ ስሌቱ እንዳለው
ሸክሙ ወዳረፈበት ተጠጋግቶ የቆመው።
ኮቫች አንዳች አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩት።

ይህ ምዕራፍ አራት ውስጥ የለም፤ ኮሚቴውም አያውቅም፤
ሰንጠረዡ «ከሸፈ» ይላል፣ አልሰረዝኩትም፤
ያንን ሰንጠረዥ የተየብኩት ግን
እሱ በተሸከመው ጠረጴዛ ላይ ነው።