መለኪያ

የጠባሴ ውርጭ ነው የኔ ማቀዝቀዣ፤
ቆጣሪ የማይቆጥር፣ የማይሻ መግዣ።
ማታ በዝርግ ሳህን ውሃ ከደጅ ሳኖር፣
ጠዋት መስታወት ነው በማንኪያ የሚሰበር።
ስብርባሪውን ለቅሜ ፔርሙዝ ውስጥ እከታለሁ፣
የኅዳር ፀሐይ ሳይሰርቀኝ ክዳኑን እጫናለሁ።

የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ፤ ሲነጋጋ፣
ሰው ሥራ ሲሄድ ነው የኔ ቀን የሚዘጋ።
ቅዳሜ ግን የራሴ። ጠረጴዛ ጠርጌ፣
የሸዋ ሮቢት ሎሚ በሳህን አድርጌ፣
ከአንኮበር መንገድ ዳር የተቀጠፈ ጦስኝ፣
ግማሽ ኪሎ ማር፣ ዋጋው ያስለቀሰኝ፣
አንድ ጠርሙስ አረቄ፣ ከአከራዬ ጓዳ፣
«ለቁስል ነው» ብዬ የወሰድኩት በዕዳ።
ሼከር የሚሉትን ከየት ላምጣው እኔ?
ክዳኑ የሚያፈስ ፔርሙዝ ነው ወገኔ።
ለልኬቱ ስሪንጅ፣ ባለ ሃያ ሚሊ፤
መርፌውን ነቅዬ፣ «እህሳ፣ እንግዲህ በሊ!»

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦
አርባ ሚሊ አረቄ፣ ሃያ ሚሊ ሎሚ፣
ማር በሾርባ ማንኪያ፤
ናጥኩት፣ ናጥኩት፣ እንደ ወባ ታማሚ።
ክዳኑ ተፈናጠረ።
አረቄው ግድግዳ ላይ፣ ሎሚው ቀሚሴ ላይ፤
ማሩ ግን፣ ማሩማ፣
ከታች ቁጭ ብሏል እንደ ጭቃ ሹም፣
የማንንም አቤቱታ ሳይሰማ።

በሁለተኛው ሎሚው አየለና
ፊቴን በመስኮቱ አየሁት፦
ርስት ሲካፈል የዋለ ሰው መስሏል።
በሦስተኛው ማር ጨመርኩ፤
ላዩ እሳት ሆነ፣ ታቹ የሳል ሽሮፕ።
ጠርሙሱ ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ» ብዬ ልጽፍ ስል
በሩ ተንኳኳ።

እትዬ አጥናፍወርቅ። ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው፣
ዓይናቸው ከሎሚው፣ ከስሪንጁ፣ ከጠርሙሳቸው፣
አፍንጫቸው ከኔ።
«ልጄ፣ ያ ቁስልሽ እንዴት ሆነ?»
ምን ልበል? «እየጠገገ ነው» አልኩ ወዲያው፣
ወንበር ሳብኩላቸው።

ፔርሙዙን ከፍተው አሸተቱ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ።
«ጠብታ በጠብታ ስቆጥር ያደርኩትን
ሎሚ አስነከስሽው? ጌሾዬ ምን በደለሽ?»
ዘንበል አድርገው ወደ ውስጥ ሲያዩ ግን
ያ ማር፣ ያ ግትር፣ ከበረዶው ሥር ተኮራምቶ፣
ሳቁ። ሳቃቸው እስከ ቆርቆሮው አጥር ሄደ።
«ኧረ ማርን ከብርድ ማን አስታረቀው?
አስቀድመሽ በርዢው እንጂ!
ለብ ባለ ውሃ፣ ጣትሽን በማይፈጅ፤
ሲለሰልስ ነው ከሌላው የሚስማማ።
አርባ ዓመት ጠጅ ስጥል ስሪንጅ የት ነበረ?»

በረዝኩት። ደጅ አውጥቼ አቀዘቀዝኩት።
ጦስኙን በሁለት መዳፌ መሐል ጨብ አደረግኩት፤
ሽታው ዘሎ ተነሣ፣ ቤቱ ዳገት ዳገት አለ።
ክዳኑን እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ያዙ፣ እኔ ናጥኩ።
«ቅቤ አይወጣውም፣ ይበቃል» አሉ።

በአንዲት መለኪያ ቀዳሁላቸው።
የአረቄ ብርጭቆ ስሙ መለኪያ ነው፣ ይኸው ዘመኔን ሙሉ ስሰማው፤
እኔ ልክ ፍለጋ ፋርማሲ ሄድኩ።

ጠጡ። ዝም።
ውጪ ባጃጅ አለፈ፤ ውሻ ተከተለው።
ጉንጫቸው ውስጥ አቆዩት፣ እንደ ምስጢር።
«ምን ይባላል?»
«ገና ስም የለውም።»
«ስም የሌለው ነገር እኔ አልጠጣም» አሉና
መለኪያዋን ዘረጉ፤
«ስም እስክናወጣለት ድገሚኝ።»

ሁለት ደገምኳቸው። በረዶው አለቀ፣ ስሙ አልተገኘም።
የጠርሙሱን ዕዳ አላነሡም።
ከበሩ ላይ ዞር ብለው ቀና አሉ፣
ኮከቡ ተዘርቷል፣ ደመና የሚባል የለም፦
«ሰማዩ ጠርቷል፤ ዛሬ ይወርጫል።
ማታ ሁለት ሳህን አውጪ።»