ዳሌትና ሬሽ

ዳሌት ክርን አላት፣ ሬሽ ትከሻዋ ክብ፤
ሁለቱን የሚለይ አንዲት ጠብታ ነጥብ።
ለሌላው ልጅ ግልጽ ነው፣ ለእኔ ግን መንታ ናቸው፤
ዘወር ባልሁ ቁጥር ልብስ የሚቀያየሩ፣ የማልለያቸው።

ቂርያት ጋት፣ አራተኛ ክፍል። «ተነሥ፣ አንብብ!» ተባልሁ።
ከመስኮቱ ማዶ መኪና የሚያጥብ ሰው አያለሁ፤
ውሃው በአስፋልቱ ሲወርድ አብሬው እወርዳለሁ።
ተመልሼ ስመጣ መስመሩ ጠፍቷል፤
አንዱ ቃል ከሌላው ትከሻ ላይ ወጥቷል።
ቃሉ «ኤኻድ» ነበር፣ ትርጉሙም «አንድ» ነው፤
«አኼር» ብዬ ጮኽሁ፤ «ሌላ» ሆኖ አረፈው።
ክፍሉ በሣቅ ተናደ። እኔም ከዚያ ጀምሮ
ሌላ ሆኜ ቀረሁ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አጠገብ ወንበሬ ተቀይሮ።

የወላጆች ቀን እናቴ መጣች፣ ነጠላዋን አደግድጋ፤
አስተርጓሚ ከየት ይምጣ፣ በማን ዋጋ?
ተከሳሹም እኔ፣ አስተርጓሚውም እኔ።
«አያነብም» አለች መምህርት ኦስናት፤ «አይቀመጥም ለቅጽበት፤
የሚሻለው ሌላ ነው፣ ልዩ ትምህርት ቤት።»
«ጎበዝ ነው ትላለች» አልሁ፤ «ትንሽ ይቸኩላል።»
እናቴ እጅ ነሥታ ወጣች፤ «ይህ ልጅ ርቦታል»
ብላ የሱፍ ፍሬ ገዛችልኝ፣ ሙሉ ከረጢት።

አሁን ሠላሳ ስምንት ሞላኝ፤ መጋዘን ነው መዋያዬ፤
ሰባት ደወል አለው ስልኬ፣ አንዱ ለአውቶቡስ፣ አንዱ ለምሳዬ፣
አንዱ ያኛውን ደወል ለምን እንደሞላሁ እንዳልረሳ።
ቁልፌን ግን ዛሬም ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት፣ ከእርጎው ጎን፣ በርዶ እንደ ሬሳ።
ቅጽ ሙላ ሲሉኝ «መነጽሬን ረሳሁ» እላለሁ፤
መነጽር የለኝም፤ የንስር ዓይን ነው ያለኝ፣ ከሩቅ አያለሁ።

ዳሌት መደርደሪያ ለዲሞና፣ ሬሽ ደግሞ ለራሃት፤
አርባ ካርቶን ዳይፐር ዲሞና ሲጠበቅ ራሃት ገባ፣ በእኔ ስሕተት።
ቪታሊ በሩስኛ ሰደበኝ፤ ቋንቋውን ባልሰማም ገባኝ።
በሌሊት ፈረቃ ቢጫ ፕላስተር ዳሌት ላይ ለጠፍሁ፣ ማንም ሳያየኝ።
በሳምንቱ ሬሽ ላይ ሰማያዊ ተለጥፎ ነበር። ማን ለጠፈው?
ቪታሊ ጣራ ጣራ እያየ ሻዩን ማገው።

ባለፈው ወር ልጄን ኖጋን መረመሯት።
«ፊደል ይዞርባታል» አለች ባለሙያዋ፤ «ሐሳቧ ይበተናል፤ ጀምራ ትተዋለች።»
ስለ ልጄ እያወራች የእኔን ገበና ታወጣለች።
እናቴ ከጎኔ ናት። «ምን አለች?» አለች።
አፌን ስከፍት እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች፦
«ዛሬስ እንዳለ ተርጉምልኝ። ያኔ ‹ጎበዝ ነው› ስትለኝ፣
ፊደል ባልቆጥርም ፊት አነባለሁ፤ የሴትዮዋ ፊት ሌላ ነገረኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ትርጉምህ ያምር ነበር።»

ቃል ሳልዘል ነገርኋት፣ ከላይ እስከ ታች፤
ኖጋ በተሽከርካሪው ወንበር ሦስተኛ ዙሯን ጀመረች።