ማይክ አምስት

አምስት አቁም አሉኝ፤ የመጡት ግን አራት፣
አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው፣ ወይን ጠጅ፣ የድሮ ስፌት፣
ክርኑ ላይ ሳስቶ፣ አንገቱ ላይ ሰፍቶ።
(ሱፉ አይደለም የሰፋው፤ አንገት ነው የቀጠነ፣ ከርሞ ሰንብቶ።)

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ፤ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለስብሰባ
ሚክሰሬን በባጃጅ ጭኜ የምገባ፤
ለጭፈራም ለጸሎትም ዋጋዬ አንድ ነው፤
ገመድ ስዘረጋ እንጂ እጄን ስዘረጋ አይቶኝ አያውቅም ሰው።

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤
ከሐይቁ የተነሳ ነፋስ የድንኳኑን ሸራ በጥፊ ሲመታት፣
አባ ኮዳዎቹ ከግራር ጫፍ ሆነው
እንዳልተጋበዘ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው
ያያሉ ቁልቁል።

ዱካሞ፣ ከጨርቃ ጨርቅ በጡረታ የወጣ፤
አንጁሎ፣ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ፣ ቁልፉን እንደጨበጠ የመጣ፤
ድሬሰር ሶርሳ፣ እጁ አልኮል አልኮል የሚል፤
ታንቱ ደግሞ ጆሮው የከዳው፣
ቃናውን በመዳፉ ከሰው ትከሻ የሚለቅመው።

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት!» አለ መድረክ መሪው። ተጨበጨበ።
ጀመሩ።
የኔ ጆሮ ክፉ ነው፣ አይምርም፤
ዱካሞ ግማሽ ድምፅ ወርዷል፤
ሶርሳ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል እንደ ደረቀ ሸክላ።
ኤኮ ጨመርኩላቸው፣
ብርድ ለያዘው አዛውንት ጋቢ እንደሚደርቡ።
አምስተኛው ግን፣ በአንጁሎና በታንቱ መሃል ብቻውን የቆመው፣
ነፋስ እየጠጣ ይንሾካሾካል።
ልዝጋው ብዬ ጣቴን ስሰድ
አንጁሎ ከመድረክ፣ ስንኙን ሳያቋርጥ፣
በቅንድቡ፦ ተው።

ሦስተኛው መዝሙር ላይ መብራት ሄደ።
ኪቦርዱ በቃሉ መሃል ሞተ።
ናፍጣ ሊያመጣ የሄደው ልጅ ከፒያሳ አልተመለሰም።
እፎይ አልኩ፣ አልዋሽም፤
ይወርዳሉ፣ ገመዴን እጠቀልላለሁ፣
ማታ ሌላ ሠርግ አለብኝ።

አልወረዱም።
አፋቸውን ገጠሙ።
ከንፈር ሳይላቀቅ፣ ከደረት በታች የሚነሳ፣
ዝማሬ ነው? ንብ ነው?
ተከድኖ የሚፈላ ውሃ ነው?
(በኋላ ሰማሁ፦ ቤተ ክርስቲያኑ በታሸገ ዘመን
በዱካሞ ጓዳ፣ መስኮቱን በፍራሽ ወትፈው፣
ተረኛ ጠባቂ በደጅ ሲያልፍ እንዳይሰማ
እንዲህ ነበር የሚዘምሩ፤
ከመጮህ በፊት ማነስን ነው የተማሩ።)

አራት መቶ ሰው ወንበሩ ሳይሲጥ ዝም አለ።
አባ ኮዳ መንቁሩን አንዴ አጋጨ፤ እሱም አፈረ።
ያኔ ነው ታንቱን ያየሁት፤
ግራ እጁን አነሳ፣ ባዶው ማይክ ወዳለበት፣
ከራሱ ቁመት ከፍ አድርጎ፣
በረጅም ሰው ትከሻ ልክ፣
አየሩ ላይ አሳረፈው።
እጁ አልተንቀጠቀጠም።
ቃናውንም አልሳተ፤ ግማሽ እንኳ አልወረደ፤
የኔ ክፉ ጆሮ ምስክር ነው።

መብራቱ ሲመለስ ማንም አላጨበጨበም፤
ስፒከሩ ብቻ «ጓ» አለ፣ እንደ ሰከረ እንግዳ።

ሲመሽ፣ ገመድ እየጠቀለልኩ፣ ጠየቅሁት አንጁሎን፦
«አምስተኛው ለማን ነው?»
«የሌዳሞ ነበር፤ ወፍራሙ ድምፅ። ሁለት ክረምት ሆነው።»
«እንድታስታውሱት ነዋ?»
ሳቀብኝ። «ሌዳሞ ደግሞ ምን አስታዋሽ ያሻዋል!
እሱ ከሌለ እንጠጋጋለን፤
ከተጠጋጋን መዝሙሩ ይጠብበናል።
ስፋቱን እንዳንረሳ ነው።»
ቁልፉን በጣቱ አሽከረከረ፤
ታንቱን ከኋላ አሳፍሮ
በታቦር በኩል ነዳ።

ደረሰኙ ላይ «ማይክ፣ አምስት» ብዬ ጻፍኩ።
ድሬሰር ሶርሳ ቆጥሮ ከፈለኝ፤ አልተከራከረም።
እኔም አልቀነስኩም።