ስድስተኛው ሣጥን

ኒሽ ላይ መስከረም ነው፤ ቃሪያ ይጠበሳል፣
ጭሱ በመስኮት ገብቶ ፋሻ ይዳስሳል።
ቲያና መጠይቁን ዘርግታለች ከፊቷ፣
ቃል ከቃል ስትመዝን አልፎባት ሌሊቷ፤
«ሩካ» ይላል ቋንቋዋ፤ እጅም ነው፣ ክንድም፣
እንደ እኛው «እጅ» ሁሉ ድንበሩ አይታወቅም።

ጥያቄ አንድ፦ «ባለፈው ሳምንት ውስጥ
የጠበቀ ጠርሙስ ክዳኑን ለመግለጥ
ምን ያህል ተቸገሩ?»
ቪዶሳቫ አየቻት።
አውራ ጣቷ ከሥሩ ጎብጧል እንደ ማጭድ፣
ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ ጨርቅ ስትሰፋ፣ ስትቀድ።
«አንድ ላይ አክብቢልኝ።»
አንድ ማለት «ምንም» ነው።
ቲያና እርሳሷን አነሣች። «እንዴት ሆኖ?»

«አልከፈትኩማ፣ ልጄ፤
ያምናው አይቫር፣ የቃሪያው ድልህ፣ አልነካውም በእጄ።
ስሬተን ነው የዘጋው፣ ሦስት ጊዜ አጥብቆ፤
እጁ እዚያው ነው እስከ ዛሬ፣ ከክዳኑ ተጣብቆ።»

አምስት ሣጥን አለ፣ ከ«ምንም» እስከ «አልችልም»፤
«አልፈልግም» የሚል ስድስተኛ የለም።
ቲያና ኅዳጉ ላይ ቀስ ብላ ጻፈች፦
«ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ተረድታዋለች።»
አንድን አከበበች።
ከዚያ ወደ ሁለት። «ቁልፍ ማዞርስ?» አለች።