ወጥቶ መግባት

ለዓርብ አጥቢያ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት።
ጉዳይቢያ አልተኛችም፣ ደሞዝ የገባ ዕለት።
በባሕሩ ወበቅ መስኮቴን ያልበዋል፤
ስልኬን ከትራስ ሥር ይነዝረዋል።
ቢጁ ነው፣ የሌሊት ተረኛው፦
«ሐዋላ ቆመ። አይከፍትም፣ አይዘጋም። ና እየው።»

ሐዋላ ሰው አይደለም። ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት፤
ሰርቨር ላይ የሚያድር ሎሌ ነው፣ ሥጋም አጥንትም የሌለበት።
አንዷ ሃምሳ ዲናር ለባቲ ስትልክ አንድ ፋይል ይከፍታል፤
ሌላዋ ለጅማ፣ አንድ ይጨምራል፤
አንድ ለባንኩ በር፣ አንድ ለደረሰኙ፣
እጁ እስኪሞላ። እጁም ተቆጥሮ ነው የተሰጠው፦
አንድ ሺህ ሃያ አራት።

ከዚያ ቀጥላ የመጣችው ማን እንደሆነች አላውቅም፤
«ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣባት።
ቆይቶ መሞከር ለሷ
ቤቱ ሁሉ የሚተኛበት ሌላ ሌሊት መጠበቅ፣
የስልኳን ብርሃን በፎጣ መደበቅ።

ገብቼ ወሰኑን አየሁ።
ሁለት ነው ወሰን፦ አንዱ ልል፣ አንዱ ጥብቅ።
ልሉን ሎሌው ራሱ ይገፋዋል፣ እስከ ጥብቁ ግድግዳ፤
ጥብቁን የሚያነሳው ጌታው ብቻ ነው።
ጌታውን ሩት ይሉታል።
እኔ የማውቃት ሩት ግን ሪፋ ውስጥ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፤
ፓስፖርቷን በዓይኗ ካየችው ሁለት ዓመቷ፣
የከሰሰችበትም ፋይል
እንደተከፈተ ነው፣ ሠራተኛ ጉዳይ፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ሩት ሆኜ ጻፍሁ፦
ሐዋላ፣ ልል፣ ስልሳ አምስት ሺህ።
ሐዋላ፣ ጥብቅ፣ ስልሳ አምስት ሺህ።
አስቀመጥሁ። ስንት ነህ? አልኩት።
አንድ ሺህ ሃያ አራት።
አሁንስ?
አንድ ሺህ ሃያ አራት፣ እንደ ግትር በቅሎ።

ቢጁ ሳቀ፦ «ረሳህ እንዴ?
የገባበትን ቀን ሕግ ለብሶ ነው የሚኖረው፤
ወጥቶ ካልገባ አዲሱን አያውቀው።»

ማን ይረሳል ቢጁ?
ቪዛዬ የተቀየረ ቀን በድልድዩ ባሕሩን ተሻግሬ፣
ከማዶ ኬላ ማኅተም አስመትቼ፣ የመኪናው ሞተር ሳይበርድ ዞሬ፣
በዚያው ፊት፣ በዚያው ሸሚዝ
ሌላ ሰው ተብዬ ገብቻለሁ።
እናቴ ደጃፍ ላይ «ወጥተህ ግባ» ስትለኝ ምርቃት ነበር።

ሐዋላን አስወጣሁት።
ለአራት ሴኮንድ የማንም ገንዘብ የትም አልነበረም።
ከዚያ አስገባሁት፤ ስንት ነህ?
ስልሳ አምስት ሺህ።
ወረፋው ተንቀሳቀሰ፤ ባቲ፣ ጅማ፣ ደግሞ ባቲ፣ አሳሳ፣ መርሳ፣
ቢጁ እያነበበ ያዛጋል።

መዳን አይደለም ይሄ፤ አውቃለሁ።
ከሺሁ ሰባት መቶው ያለቀ ደረሰኝ ነበር፣
አንዱ ፕሮግራመር ከፍቶ ያልዘጋው፣
እሑድ ስሙን ፈልጌ የምጣላው።

ሊነጋ ሲል ከሪፋ መልእክት ገባ፦
«ተላከልኝ። በስንተኛው እንደሆነ
አትጠይቀኝ።»